እንቅልፍ ሲበዛ ሁሉ ስንፍና አይደለም

ከጣርማ በር ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚደርሰውን መንገደኛ አስቀድሞ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። በይፋት ቆላ ገበሬው ማለዳ ሲሠራ ቆይቶ፥ ፀሐይ ስትበረታ ከጥላ ሥር ጋደም ቢል ልማድ እንጂ በሽታ አይደለም። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ሌሊቱን ተኝቶ፥ ቀኑንም ጨምሮበት፥ ሲነቃ ስለሚደክመው ወጣት ነው።

ቤተ ሰቡ «ሰነፈ» ይለዋል፤ ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» ይላል። ለጎልማሳ ሰው ግን በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት መተኛት ይበቃዋል። ከዚህ አልፎ እየተመላለሰ የሚመጣ እንቅልፍ ምክንያቱ መመርመር አለበት። ወባ በሚገኝበት በዚህ ቆላ በመጀመሪያ ደምን ማስመርመር ይገባል፤ ወባም የደም ማነስም ሰውነትን ያደክማሉና።

ደሙ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጠባዩን እንመልከት። ኀዘኑ፥ ሥራ መጥላቱ፥ ከጓደኞቹ መሸሹ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ድባቴ የተባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህ ሕመም ብዙውን ሰው እንቅልፍ ይነሣዋል፤ አንዳንዱን፥ ይልቁንም ወጣቱን፥ እንቅልፍ ያበዛበታል። ቤተ ሰብ የሚሳሳተውም በዚህ ነው።

ድባቴ በምክርና በመድኃኒት ይታከማል። ጠበሉም ዱዓውም ከሐኪም አያግድም። የአማኑኤል ሆስፒታል አዲስ አበባ ነው፥ ሩቅ ነው ብሎ ከመቅረት በቅርቡ ካለው ጤና ጣቢያ መጀመር ይሻላል። «መኖር ሰለቸኝ» ያለ እንደ ሆነ ግን ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ «ተነሥ፥ አንተ ሰነፍ!» ከማለታችሁ በፊት «ልጄ፥ ምን ሆንህብኝ?» ብላችሁ ጠይቁ።