የሬዚስተር ሚክሰር ስለምን ድምፅ ያሳንሳል?

በድሬዳዋ ሠርግም ሆነ የትምህርት ቤት በዓል ሲኖር የዘፋኙን ማይክሮፎን፣ የዑዱን ማይክሮፎን፣ ኪቦርዱንና ሞባይል ስልኩን ወደ አንድ አምፕሊፋየር ማስገባት የግድ ይሆናል። አሊ ቢራን ባፈራች ከተማ ዑዱን ከመድረክ ማስቀረት መቼም አይታሰብም። ሚክሰር ለመግዛት አቅም ያነሰው ወጣት ታይዋን ከሚባለው ገበያ አራት ሬዚስተሮችና ጥቂት መሰኪያዎች ሸምቶ በእጁ ይሠራል። መሣሪያው ባትሪም መብራትም አይፈልግም። ችግሩ ድምፁ መድከሙ ነው።

ምክንያቱን እንመርምር። አራቱ መስመሮች እያንዳንዳቸው በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አልፈው በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። ዘፋኙ ብቻውን ሲዘፍን ከእርሱ መስመር የመጣው ጅረት በቀሩት ሦስት ሬዚስተሮች በኩል ወደ ሌሎቹ መሣሪያዎች ይፈስሳል። ሦስቱ በትይዩ 3.3 ኪሎ ኦም ያህል ስለሚሆኑ በመገናኛው ነጥብ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ከገባው አንድ አራተኛ ነው፤ 12 ዴሲቤል ጎደለ ማለት ነው። ይህ የብየዳ ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ኪቦርድ ተጫዋቹ ገመዱን ነቅሎ ሲሄድ አንዱ ማምለጫ ስለሚዘጋ የዘፋኙ ድምፅ ከአንድ አራተኛ ወደ አንድ ሦስተኛ ከፍ ይላል።

ማጉያ ለመጨመር ቀላሉ መንገድ ከሚክሰሩ በኋላ ቮልቴጅን አራት ጊዜ የሚያሳድግ ደረጃ ማከል ነው። የጎደለው ይመለሳል፤ የመስመሮቹ መነካካት ግን እንዳለ ይቀራል። እኛ የምንመርጠው ሌላውን ነው። የሬዚስተሮቹ መገናኛ ቲ ኤል 074 በተባለው አይሲ ውስጥ ካሉት ማጉያዎች በአንዱ አሉታዊ መግቢያ ላይ ይበየዳል፤ አዎንታዊው መግቢያ ከዜሮ ቮልት ጋር ይያያዛል፤ ከመውጫው ወደ አሉታዊው መግቢያ ሌላ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይዘረጋል። ማጉያው በዚህ መልስ አማካይነት መገናኛውን ዘወትር ዜሮ ቮልት ላይ ያቆየዋል። ዜሮ ቮልት ካለበት ነጥብ ደግሞ ወደ ሌሎቹ መሣሪያዎች ጅረት የሚገፋ ነገር የለም። ስለዚህ የዘፋኙ ጅረት ሙሉ በሙሉ በመልሱ ሬዚስተር ያልፋል፤ ኪቦርዱ ኖረም ተነቀለም ለእርሱ ለውጥ የለውም። ኃይሉን ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች፣ አንዱ በአዎንታዊ፣ ሌላው በአሉታዊ በኩል ይሰጣሉ።

ይህም ሆኖ ማይክሮፎኑ ገና አልዳነም። ስልክ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ሲያወጣ ማይክሮፎን 2 ሚሊቮልት ያህል ቢያወጣ ነው። የአይሲው የራሱ ሁከት በሚሰማው የድምፅ ክልል 2.5 ማይክሮቮልት ገደማ ሲሆን፣ ባለ አራት መስመር መደመሪያው አምስት ጊዜ አሳድጎ ወደ 13 ያደርሰዋል። ድምፁ ከሁከቱ 150 ጊዜ ቢበልጥ ነው፤ «ሽ» የሚለው ድምፅ በጉልህ ይሰማል። ማይክሮፎኑን ከመደመሩ በፊት 100 ጊዜ ብናጎላው ግን ብልጫው ወደ 800 ይደርሳል። ቲ ኤል 074 አራት ማጉያዎችን ስለያዘ ሁለቱ ለሁለቱ ማይክሮፎኖች ይበቃሉ። ድምፅ ማጉያ ሣጥን ግን በቀጥታ አይቀጠልበትም፤ ያሳደግነው ቮልቴጅን እንጂ ኃይልን አይደለምና።

«ሽ» የሚለውን በድሬ ሙቀት የሚያሳብቡ አሉ። የሬዚስተር ሁከት በፍጹም ሙቀት መጠን ስኩዌር ሩት ስለሚያድግ ከ20 ወደ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ስንወጣ ጭማሪው 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ይልቅስ «እም» የሚለው የመብራት መስመሩ 50 ኸርዝ እንዳይገባ ሁሉንም በብረት ሣጥን ከትቶ ሣጥኑን ከዜሮ ቮልት ጋር ማያያዝ ይበጃል።