የተሰወረውን ከተነገረው ማስተዋል

ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። የአንዱ መልስ በታሪኩ ቃል በግልጥ ይገኛል፤ የሁለተኛው ግን በሰም ውስጥ እንዳለ ወርቅ ተሰውሯል። ይህንንም ለማግኘት ቃልን ከቃል ማገናኘት፣ ነገሩንም ማስተዋል ያስፈልጋል።

ለምሳሌ፥ ስለ አንኮበር ስም ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ። በቀድሞ ዘመን አንኮ የምትባል የአንድ የኦሮሞ ባላባት ሚስት በዚያ ትኖር ነበረች፤ ስለዚህ ስፍራው የአንኮ በር ተባለ።

«አንኮ ማን ናት?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ መልሱን ከታሪኩ ቃል ያገኛል። «ተራራው ስለ ምን በር ተባለ?» ቢባል ግን ታሪኩ ዝም ይላል። አስተዋይ ተማሪ በዚህ ጊዜ «በር» የሚለውን ቃል ይመረምራል፤ በር መግቢያና መውጫ ነውና። የአገሩንም አቀማመጥ ይመለከታል፤ አንኮበር በደጋውና በቆላው መካከል በገደል አፋፍ ላይ ያለች ናትና። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847፣ ከታጁራ የሚነሡ ነጋዴዎች የአፋርን በረሃ አቋርጠው ጨው በግመል እየጫኑ ከአንኮበር በታች ወዳለው ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወጡ ነበር። እንግዲህ ተማሪው «ስፍራው መተላለፊያ ስለ ነበረ ነው» ብሎ ቢመልስ ምስክር አለውና መልካም መለሰ። «አንኮ ከነጋዴዎች ቀረጥ ትቀበል ነበረች» ቢል ግን ከልቡ አንቅቶ ተናገረ እንጂ ከታሪኩ አላገኘውም።

የደብረ ብርሃንም ነገር እንዲሁ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468፣ በዚያ ስፍራ በሰማይ ላይ ብርሃን እንደ ታየ፣ ንጉሡም የእግዚአብሔር ምልክት ነው ብለው ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ይነገራል። «ብርሃኑ ምን ነበረ?» ቢባል፣ አንዳንድ ሊቃውንት በ1456 የታየው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ነገር ግን ይህ የሊቃውንት ግምት ነው እንጂ የአባቶች ቃል አይደለም፤ ተማሪም ሁለቱን ለይቶ መናገር ይገባዋል።

ከአፍ ወደ ጆሮ በሚተላለፍ ታሪክ ላይ ሰሚው አንዲት ቃል ከራሱ ቢጨምር፣ ከእርሱ በኋላ የሚሰማው የአባቶች ቃል መስሎት ለልጁ ይነግራል። ሐሰቱም ከእውነቱ ሳይለይ ይኖራል። ስለዚህ የሚመልስ ሁሉ አስቀድሞ «ይህን ያስረዳኝ የትኛው ቃል ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ቃሉን ቢያገኝ በድፍረት ይናገር፤ ባያገኝ ግን «ታሪኩ ይህን አይናገርም» ይበል። እንዲህ ማለት ታማኝነት ነው እንጂ ነውር አይደለም።