ሦስት ጉልቻ በራያ ቆላ፦ አዲስ ጎጆ፣ ሕፃንና የእጅ ሙያ

ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቆቦ፣ በምዕራብ በደጋው ሰንሰለት፣ በምሥራቅ በዞብል ተራራ መካከል በተዘረጋው ሰፊ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሜዳው በማሽላውና በጤፉ የታወቀ ሲሆን፣ ዝናብ ባጠረ ጊዜ ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። አዝመራው ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በተለይም በጥር ወር፣ በየመንደሩ ሠርግ ይበዛል። ከሠርጉም ቀጥሎ አዳዲስ ጎጆዎች ይቀለሳሉ፤ ዓመት ሳይሞላም በብዙዎቹ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አቀንጭራ አረም በየስብሰባው ብዙ ይነገራል። አዲስ ጎጆ ስለሚወጡት ባልና ሚስት ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የነገው አራሽ የሚያድገው በዚያች ጎጆ ውስጥ ስለሆነ፣ የጎጆዋ አሠራር፣ የአራሷ አያያዝና የቤተሰቡ የእጅ ሙያ የገበሬ ማኅበር መሪዎችንም የሚመለከት ጉዳይ ነው።

የጎጆው መሠረት

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያለው ትውልድ መሬትን በእጁ ይዞ ኖሯል። ዛሬ ግን በክልሉ ሰፊ የመሬት ድልድል ከተካሄደ ከ25 ዓመት በላይ በመሆኑ፣ አዲስ ተጋቢዎች ማሳ የሚያገኙት ከወላጅ በስጦታ ወይም በውርስ፣ አለዚያም በኪራይ ወይም በእኩል እርሻ ነው። ይህ የመሬት ጥበት ወጣቱን በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ እንዲሰደድ ከሚገፉት ምክንያቶች አንዱ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው የተካሄደው ጦርነትም ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሎ፣ ንብረቱንም አሳጥቶት አልፏል።

ስለሆነም ወላጅ ለልጁ መሬት ሲሰጥ ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ ማድረግ ይገባል። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይጻፍበታል። ስሟ ያልሰፈረ ሚስት ባሏ ቢሞት ወይም ቢፈታት፣ ሕፃን አዝላ ከነጉልቻዋ ሜዳ ላይ ልትቀር ትችላለች። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑም አይዘንጋ። ገና ያልጠናች ልጅ ስታረግዝ በምጥ ጊዜ እናትም ልጅም ለአደጋ ይጋለጣሉ።

የቤቱ ቦታና አሠራር

በራያ ቆላ ለአዲስ ቤት ቦታ ሲመረጥ አስቀድሞ መታየት ያለበት የጎርፍ መውረጃ ነው። ማሳ የሚያጠጣው ጎርፍ በክረምት ሲበረታ ቤትም ይወስዳል። ሽማግሌዎች የድሮውን የውሃ መንገድ ያውቃሉና ካስማ ከመተከሉ በፊት እነሱን መጠየቅ ይበጃል።

ሁለተኛው ጠላት ምስጥ ነው። ግድግዳው በእንጨት ቆሞ፣ በማገር ታስሮ፣ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጋል፤ ነገር ግን የቋሚው ሥር አፈር ውስጥ ሲቀበር ምስጥ ይጀምረዋል። የቋሚውን ሥር በእሳት ለብለብ አድርጎ መትከል፣ ወይም ወገቡ ድረስ በድንጋይ የተገነባ መሠረት ላይ ግድግዳውን ማቆም የቤቱን ዕድሜ ያራዝማል።

ሦስተኛው ጢስ ነው። በአንዲት ክብ ቤት ውስጥ ምድጃውም፣ መኝታውም፣ ጥጃውም አብረው ሲሆኑ፣ ጢሱን አብዝቶ የሚስበው በእናቱ ጀርባ ላይ የታዘለው ሕፃን ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት በብዛት ከሚገድሉት በሽታዎች አንዱ የሳንባ ምች ሲሆን፣ ጢስ ለዚህ በሽታ ያጋልጣል። በመሆኑም ትንሽም ብትሆን ማድ ቤት ለብቻ መቀለስ ያስፈልጋል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ዙሪያው የተዘጋ በመሆኑ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። በቆላ ማገዶ ፍለጋ የሚኬደውን መንገድ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መዳህ የጀመረ ልጅም ክፍት ፍም ውስጥ እንዳይወድቅ ይጠብቀዋል።

አራሷና ሕፃኑ

በራያ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አራስን ያከብራል። ጎረቤት ገንፎ ያገነፋል፤ ሴቶች ተራ ገብተው ይጠይቃሉ። ክርስቲያኑ ወንድ ልጁን በ40፣ ሴት ልጁን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣል፤ በሙስሊሙም ዘንድ 40 ቀን የአራስነት ጊዜ ተብሎ ይታወቃል። ይህ ወግ ለእናቲቱ ዕረፍት የሚሰጥ በመሆኑ ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ ጎጆ ወጥታ ከእናቷ የራቀች ሙሽራ ረዳት ስታጣ በሁለተኛው ሳምንት እንስራ አዝላ ውሃ ስትቀዳ ትገኛለች። ይህን ሸክም ባልና ጎረቤት ሊካፈሉላት ይገባል።

ከወጉ ውስጥ መለወጥ ያለበትም አለ። በራያ ቆቦ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ2 ዓመት በታች ልጅ ካላቸው 100 እናቶች መካከል 39 ያህሉ ሕፃኑ ጡት ከመጥባቱ በፊት ሌላ ነገር ያቀምሱ ነበር። ከሚቀመሰውም ብዙውን ቦታ የያዘው ጥሬ ቅቤ ነው። ቅቤው አንጀት ያለሰልሳል ተብሎ ይሰጣል፤ ግን ንጹሕ ስለማይሆን ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። እንገሩም ቆሻሻ ነው ተብሎ የሚታለብበት ጊዜ አለ። ጥጃ እንገር ካልጠባ እንደማይጠና የማያውቅ ከብት አርቢ የለም፤ የሰው ልጅም እንደዚሁ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ እንገሩን መጥባት አለበት፤ እስከ 6 ወርም ከጡት በቀር ውሃ እንኳ አያስፈልገውም። እትብቱ ላይ ቅቤም ሆነ እበት መቀባት ለመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ያጋልጣል።

ክትባቱ ሲወለድ ይጀመርና በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይቀጥላል፤ የኩፍኙ ደግሞ በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ በሚበረታበት ጊዜ አጎበሩ በመጀመሪያ ለእናትና ለሕፃኑ ይዘርጋ፤ አጎበርን እህል መሸፈኛ ማድረግ ልጅን ለወባ መስጠት ነው።

ከ6 ወር በኋላ ጡት ብቻውን አይበቃም። ምግቡ ግን ከደጅ አይርቅም። ሦስት እጅ ነጭ ማሽላና አንድ እጅ ሽንብራ ለየብቻ ተቆልተውና ተፈጭተው ወፍራም ገንፎ ሲሆኑ፣ ከተገኘም ዕንቁላል ወይም ወተት ሲጨመርበት፣ ሕፃኑን ያፋፋዋል። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም።

የእጅ ሙያ ለቤትም ለገበያም

አዲስ ጎጆ ዕቃ ይፈልጋል። ይህን ዕቃ ሁሉ በገንዘብ ልግዛ ያለ ጎጆ ወጪ ብድር ውስጥ ይገባል። አባቶችና እናቶች ግን አብዛኛውን በእጃቸው ይሠሩት ነበር፤ ዛሬም የሚሠሩ አሉ።

አክርማና ስንደዶው ክረምቱ ሲወጣ ተሰብስቦ ይደርቃል፤ ከፊሉ ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። ከዚያም በወስፌ እየተወጋ መሶብ፣ ሰፌድና ሙዳይ ይሆናል። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆንና በእንዝርት ተፈትሎ ወደ ሸማኔ ይሄዳል፤ የሕፃኑ ማቀፊያና የአባቱ ጋቢ የሚወጣው ከዚህ ነው። ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የምትሠራዋ ጎታ እህሉን ታስቀምጣለች። ባልም የጠፍር አልጋ ቢሠራ አራሷና ልጇ ከመሬት ብርድና ከተባይ ይጠበቃሉ። የፍየል ቆዳ ለፍቶ፣ ዛጎል ተሰክቶበት አንቀልባ ሲሆን ደግሞ የእናቲቱን ሁለት እጅ ነፃ ያወጣል። ታዲያ ሕፃኑ ሲታዘል አፍና አፍንጫው እንዳይታፈን መጠንቀቅ ነው።

ስፌትና ፈትል ለአራስ ቤት የሚስማሙት ልጅ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ቡና እየተጠጣ የሚሠሩ በመሆናቸው ነው። ጠያቂ ጎረቤቶች ስፌታቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ልጃገረዶች ሙያውን ይማራሉ፤ ብቸኝነት ያደረባት ሙሽራም ትጽናናለች። የተረፈው በገበያ ቀን ቆቦ ወርዶ ለጨው፣ ለሳሙናና ለልጁ ልብስ ይሆናል። የእጅ ሙያ መሬትን አይተካም፤ ነገር ግን በልግ በቀረ ዓመት የመጀመሪያዋ ፍየል እንዳትሸጥ ያግዳል።

እዚህ ላይ ሳይነሣ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ጋቢውን እንለብሳለን፣ በምጣዱ እንጋግራለን፣ በማረሻው እናርሳለን፤ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን ግን በንቀት ስም የሚጠራና በጋብቻ የሚያገልል ዛሬም አልጠፋም። ባለሙያው እየተሰደበ ሙያው ሊያድግ አይችልም።

ከመሪዎች ምን ይጠበቃል?

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሆይ! ሥራው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ጥር ሳይገባ የዓመቱን ጎጆ ወጪዎች መዝግቡ፤ ዕድሜያቸውንም አጣሩ። የቤት ቦታቸው ከጎርፍ መንገድ ውጪ መሆኑን አይታችሁ፣ ቤቱንና ማድ ቤቱን በደቦ አቁሙላቸው። የነፍሰ ጡሮቹን ስም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አመሳክሩ፤ ምጥ ሌሊት ቢመጣ ቃሬዛውን የሚሸከሙ ወጣቶች አስቀድመው ይታወቁ። አራስ ላለበት ቤት ውሃና ማገዶ በተራ እንዲደርስ አድርጉ። በሰብል ግምገማችሁ ላይም ስንት ኩንታል ማሽላ እንደገባ ስትጠይቁ፣ ዘንድሮ ከተወለዱት ሕፃናት ስንቱ ክትባቱን እንደጨረሰ አብራችሁ ጠይቁ።