ኩዊኖሊኔት መርዝ ብቻ አይደለም

ስለ ኩዊኖሊኔት የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ከአንጎል ጉዳት ጋር ተያይዞ ነው። አንጎል ውስጥ ሲበዛ የነርቭ ሴሎችን ከልክ በላይ አነቃቅቶ እንደሚገድል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራ እንስሳት ታይቷል። ይህ እውነት ነው፤ «ስለዚህ መርዝ ነው» የሚለው ድምዳሜ ግን አያስኬድም። ሴሎች ከምግብ ኃይል ለማውጣት የሚያስፈልጋቸው ኤንኤዲ ከአሚኖ አሲድ ተነሥቶ ሲሠራ በኩዊኖሊኔት በኩል ያልፋል።

«ውጤቱ አንድ ከሆነ አሠራሩም አንድ ነው» የሚሉም አሉ፤ ግን አይደለም። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ኩዊኖሊኔትን በሁለት ኢንዛይሞች ሠርቶ ይጨርሳል። አስፓርቴት ኦክሲዴዝ አስፓርቴት ከተባለው አሚኖ አሲድ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። የሚገኘው ውሁድ ቶሎ ስለሚፈርስ ኩዊኖሊኔት ሲንቴዝ ሳይውል ሳያድር ተቀብሎ ስኳር ሲፈርስ ከሚገኝ ባለ ሦስት ካርቦን ሞለኪውል ጋር ያዋህደዋል። ይህ ሁለተኛው ኢንዛይም የብረትና የድኝ እምብርት ስላለው ኦክስጅን በቀላሉ ያበላሸዋል።

እኛ አጥቢዎች ግን የምንነሣው ትሪፕቶፋን ከተባለው አሚኖ አሲድ ነው። በተለይ ጉበት ውስጥ አምስት ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ ይሠሩበታል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ መጨረሻው ነው፦ አምስተኛው ኢንዛይም ያስረከበው ውሁድ ያለ ምንም ኢንዛይም በራሱ ተጠማዝዞ ኩዊኖሊኔት ይሆናል። «ሰውነት ውስጥ ያለ ኢንዛይም የሚሆን ነገር የለም» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው። ሌላ ኢንዛይም ከቀደመ ግን ያው ውሁድ ወደ ኃይል ምንጭነት ይዞራል። ትርፉ ትንሽ የሆነውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ኤንኤዲ የሚሠራበትን ቫይታሚን፣ ናያሲንን፣ በ1 ሚሊግራም መጠን ለመተካት ወደ 60 ሚሊግራም ትሪፕቶፋን ያስፈልጋል።

ድንበሩም «ይህ የባክቴሪያ፣ ያ የእንስሳ» ተብሎ አይሰመርም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከትሪፕቶፋን ይነሣሉ፤ አራቢዶፕሲስ የተባለው ተክል ደግሞ ከአስፓርቴት። ከኩዊኖሊኔት በኋላ ያለውን ሥራ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ኢንዛይም ይረከባል።

«ቫይታሚንን ሰውነት ፈጽሞ አይሠራም» የሚለውም ለናያሲን አይሆንም። ናያሲን ሲጎድል የሚመጣው በሽታ፣ ፔላግራ፣ በአሜሪካ ደቡብ ተላላፊ ነው ይባል ነበር። ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር በ1915 እ.ኤ.አ. በሚሲሲፒ ፈቃደኛ እስረኞችን በቆሎ በበዛበት ምግብ ብቻ አቆይተው በሽታው ከምግብ ጉድለት እንደሚመጣ አሳዩ። በቆሎ ትሪፕቶፋኑ አነስተኛ ነው፤ ናያሲኑም በተለየ መንገድ ካልተዘጋጀ በቀር ለሰውነት በቀላሉ አይገኝም።

ትሪፕቶፋንን ከሚለውጡት ከአምስቱ ኢንዛይሞች አንዱ ደግሞ ያለ ቫይታሚን ቢ6 አይሠራም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድ ቢ6ን ስለሚያሳጣ፣ ምግባቸው በተጎዳ ሕሙማን ላይ ፔላግራ ሊያስከትል ይችላል።