በሁለት ሕዝብ መካከል የሚቆም ፖሊስ

በእነሞር አገር ባለችው በጉንችሬ ከተማ አጠገብ ሁለት ጎረቤቶች በእንሰት ማሳ ወሰን ተጣልተው ደም ቢፈስ፥ ነገሩን የሚይዘው ፖሊስ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌም አብሮ ይገባበታል። የሰባት ቤት ጉራጌ ሕዝብ የጆካ የሚባል ሸንጎና ከአባቶቹ የወረሰው ቂጫ ስላለው፥ ገዳይ ከሟች ወገን ፊት ገለል እንዲል፥ ቂምም በካሣና በዕርቅ እንዲበርድ ሽማግሎች ይደክማሉ። ይሁን እንጂ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለባህል ዳኝነት የፈቀደው የግልና የቤተሰብ ነገርን ብቻ ነው። ስለዚህ ነፍስ የገደለው ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሽማግሌው ደግሞ የተረፉት እንዳይገዳደሉ ይጠብቃል። ፖሊሱ ተጠርጣሪውን ሲይዝ የሽማግሎቹን መንገድ ባይዘጋ ሥራው ይቀልለታል።

የጆካ ሸንጎ እንከን የለበትም ማለታችን አይደለም። የቃቄ ውርድወት የሴቶችን የጋብቻ መብት ይዛ በዚያው ሸንጎ ፊት መሟገቷ የታወቀ ታሪክ ነው።

ነገር ግን የጆካ የሚያስረው ሰባት ቤቱን ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በወልቂጤ በጉራጌና በቀቤና ተወላጆች መካከል፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና በማረቆ መካከል ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ሲጠፋ፥ ሁለቱ ወገኖች እኩል የሚገዙለት አንድ ቂጫ አልነበራቸውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የአንዱ ወገን ሽማግሌ በሌላው ዓይን ጠበቃ ሆኖ ይታያል። ሽማግሎቹን ወደ አንድ ስፍራ ለማምጣት፥ መጥተውም በደኅና ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ለማድረግ፥ ሁለቱም የሚያምኑት ጠባቂ ያስፈልጋል። ፖሊሱ ራሱ በአንዱ ወገን ከተቈጠረ ግን ቢመጣም ከአስታራቂ ይልቅ ተጨማሪ ባለጋራ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ቀቤናና ማረቆ ልዩ ወረዳዎች ሆነዋል፤ የወረዳው ወሰን ቢለይም ገበያውና መንገዱ የጋራ ነው።

ይህን ችግር ኢትዮጵያውያን በሰው አገር አይተውታል። ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚከራከሩበት በአብዬ፥ አራሽና ከብት አርቢ የሆኑት ንጎክ ዲንቃዎች፥ በበጋ ከብታቸውን ወደ ደቡብ ከሚነዱት ሚሲሪያዎች ጋር በሣርና በውሃ ይጋጫሉ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ሰኔ 20 ቀን 2003 ዓ.ም. 4,200 ወታደርና 50 ፖሊስ ወደዚያ እንዲሄድ ሲወስን፥ ጦሩ በሙሉ ለማለት በሚያስችል መጠን የኢትዮጵያ ነበር፤ የመጀመሪያው አዛዥም ሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ነበሩ። ከዚያ በፊት ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት የአብዬ ፖሊስ እንዲቋቋም ቢያዝም ፖሊሱ ሳይቋቋም ቀረ። ስለዚህ የድርጅቱ ፖሊሶች ጠመንጃ ሳይዙ የመንደር ጠባቂ ኮሚቴዎችን ማሠልጠን ያዙ፤ ሁለቱ ሕዝብ በሚገናኙበት በአሚየት ገበያም ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ሽማግሎች የስርቆትንና የጠብን ነገር አብረው የሚያዩበት መንገድ ተከፈተ።

ሥራው የሚያስከፍለውንም ዋጋ አይተናል። ሚያዝያ 26 ቀን 2005 ዓ.ም. የንጎክ ዲንቃ የበላይ አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል በሰላም አስከባሪው ጦር ታጅበው ሲጓዙ ተገደሉ፤ ከእርሳቸውም ጋር አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ወደቀ። የሽማግሌው መንገድ ካልተጠበቀ ዕርቁም ራሱ እንደሚሞት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ፥ በኋላም ወደ ኮንጎ ጦር የላከች አገር ናት፤ በኮንጎም ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ከ1954 እስከ 1955 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን ጦር አዘዋል። ፖሊሶቿም በዳርፉር አገልግለዋል። ከዚህ ሁሉ ስፍራ የተመለሰ መኰንን ኒሻኑን አንጠልጥሎ በጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ ግን በሰው አገር የተማረው ነገር ባክኖ ይቀራል። የሚመለከታቸው ሹማምንት እንዲህ ያሉትን መኰንኖች ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ጣቢያዎች ይመድቡ፤ በእነዚያም ጣቢያዎች ጉራጌው ከቀቤናው፥ መስቃኑም ከማረቆው ጋር አንድ ዘብ ይቁም። ካህናትና ሼኮችም ስብሰባ ሲጠራ የየራሳቸውን ምእመናን ይዘው ለየብቻ ከመቀመጥ ይልቅ፥ ጠብ ሳይነሣ፥ ገና ገበያው በሰላም ሲውል፥ ከጣቢያው አዛዥ ጋር ይተዋወቁ።