አሮጌው ራይተርና አዲሱ ሲዲ

ሰሞኑን በግቢያችን «ሲዲ አበላሾቹ» የሚል ስም የወጣልን እኛ ነን። ነገሩን ሳናብራራ ብናልፈው እውነት መስሎ ይቀራል። እግረ መንገዳችንንም ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ጉዳይ ለመግለጽ ስንል ይህችን ጽሑፍ አቅርበናል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ለተግባር ልምምድ ለተመደብንባቸው 5 ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ ማዳመጫ ትምህርት በሲዲ ማዘጋጀት ነበረብን። «በፍላሽ አትወስዱትም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በየትምህርት ቤቱ ያለው ማጫወቻ ግን ፍላሽ አይቀበልም። ስለዚህ ከዕቃ ቤት 10 ባዶ ሲዲ ፈርመን ወስደን፣ በአሮጌው ኮምፒዩተር ራይተር መጻፍ ጀመርን። ራይተሩ እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራ ሲሆን ከፍተኛ ፍጥነቱ 4 እጥፍ ነው። ሲዲዎቹ ደግሞ ላያቸው ላይ 52 የሚል ቁጥር ያለባቸው አዲሶች ናቸው። 6ቱን ሞከርን። 2ቱን ራይተሩ ስህተት አለ ብሎ መለሳቸው። 4ቱን ጽፎ ጨረሰ፤ ማጫወቻው ላይ ሲገቡ ግን እየዘለሉና እየተንተባተቡ አስቸገሩ። የዕቃ ቤት ኃላፊው «6 ሲዲ አቃጥላችኋል፣ ትከፍላላችሁ» አሉን። «ጋሼ፣ እኛ እንደ ደንቡ ነው የጻፍነው» ብንል ማን ይስማን!

ለመሆኑ ባዶ ሲዲ እንደ ባዶ ወረቀት ባዶ ነው ወይ? አይደለም። ሲዲ-አር የሚባለው ዓይነት ፕላስቲክ ሆኖ፣ በላዩ ስስ ቀለም፣ ከቀለሙም በላይ አንጸባራቂ ብረት የተቀባ ነው። ፕላስቲኩ ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ ክብ እየሠራ የሚሄድ፣ በዓይን የማይለይ ቀጭን ቦይ ታትሞበታል። ቦዩ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በመጠኑ ወዲያና ወዲህ ይወላወላል። በዚህ መወላወል ውስጥ የሲዲው ማንነት ተጽፏል፦ የማን ሥራ እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ፣ ምን ያህል የሌዘር ኃይል እንደሚፈልግ። ራይተሩ መጀመሪያ ይህን ያነብና በውስጡ ካለው ፈርምዌር ከሚባል ፕሮግራም ጋር ያመሳክራል። በፈርምዌሩ ውስጥ ለየሲዲው ዓይነት ሌዘሩ ምን ያህል ይበርታ፣ ምን ያህልስ ይቆይ የሚል መመሪያ አለ። ከዚያ በሲዲው የውስጥ ጠርዝ ለሙከራ በተተወች ቦታ ላይ ትንሽ ጽፎ ልኩን ያያል። ልኩን ካላገኘ ሥራውን ይተወዋል።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ራይተሩ የሚያውቀው እስከተሠራበት ዘመን ድረስ የነበሩትን ሲዲዎች ብቻ ነው። ከእሱ በኋላ የተወለደ ሲዲ ሲመጣበት እንግዳ ይሆንበታል፤ በግምት ይጽፍበታል፣ ወይም አይነካውም።

ቀለሙም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ሳያኒን፣ ፍታሎሲያኒንና አዞ የሚባሉ አሉ (የመጨረሻው ከወንዙ አዞ ጋር ዝምድና የለውም)። ሳያኒን ሌዘሩ ረዘም ብሎ እንዲቆይበት ሲፈልግ፣ ፍታሎሲያኒን አጭር ምት ይበቃዋል። በእንጨት ምጣድ የለመደች እናት የኤሌክትሪክ ምጣድ የቀረበላት ዕለት ምን ይገጥማታል? ሊጡ ያው ሊጥ ነው፣ እጇም ያው እጇ ነው፣ እንጀራው ግን ያራል።

እኛም የሠራነው ስህተት ቢኖር ይኸው ነው። «ቀስ ብሎ መጻፍ ይሻላል» ሲባል ሰምተን በ1 እጥፍ ፍጥነት ጻፍን። 1 እጥፍ ማለት በሴኮንድ 150 ኪሎባይት ነው፤ የ80 ደቂቃ ሲዲ 80 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። ለ52 እጥፍ የተዘጋጀ ቀለም ግን ለአጭርና ለብርቱ ምት የተሠራ ነው። ሌዘሩ እየተንቀራፈፈ ሲያልፍበት ሙቀቱ ወደ ጎን ይስፋፋና የምልክቱ ጠርዝ ይደበዝዛል። ማጫወቻው የሚንተባተበው ለዚህ ነው። ምክሩ ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም፤ ለሁሉም ሲዲ አይሠራም እንጂ።

እየተሰረዘ ደጋግሞ በሚጻፍበት በሲዲ-አርደብልዩ ላይ ጉዳዩ ግምትም የለውም። የመጀመሪያዎቹ ከ1 እስከ 4 እጥፍ የሚጻፉ ነበሩ። ቆይቶ «ሃይ ስፒድ»፣ ከዚያም «አልትራ ስፒድ» የተባሉት ወጡ። የመጀመሪያው ዘመን ራይተር በእነዚህ ላይ ጭራሽ አይጽፍም፤ አሠራራቸው ራሱ ሌላ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በሲዲውና በራይተሩ ፊት ላይ ያለውን ምልክት ማስተያየት ይጠቅማል።

በዲቪዲ ላይ የደረሰው ደግሞ ከኛም የባሰ ነው። የጃፓኑ ፓዮኒየር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ለደንበኞቹ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ቀደም ብሎ የሸጣቸው ራይተሮች በዚያን ጊዜ አዲስ በወጡት፣ በ4 እጥፍ በሚጻፉ ዲቪዲ-አር ላይ ለመጻፍ ቢሞክሩ፣ ዲስኩ ብቻ ሳይሆን ራይተሩ ራሱ ሊበላሽ ይችል ነበር። መድኃኒቱ አዲስ ፈርምዌር መጫን ነበር፤ ኩባንያውም አዘጋጅቶ ሰጠ። ፓዮኒየርን የሚያህል ሠሪ እንዲህ ከገጠመው በኛ ላይ ይህ ሁሉ ቁጣ ለምን?

ለኛ ራይተር አዲስ ፈርምዌር ፈልገን አጣን። በመጨረሻ ከአንድ መምህራችን በገመድ የሚሰካ አዲስ ራይተር ተዋስን። በመጀመሪያ ያስገባነው አሮጌው የመለሳቸውን 2 ሲዲዎች ነበር። የሙከራዋ ቦታ 100 ጊዜ ያህል ስለምትበቃ አንዳች አልጎደለባቸውም፤ በ16 እጥፍ ፍጥነት ሁለቱም ያለ እንከን ተጻፉ። ካልተነኩት 4ቱ ላይ 3ቱን ጨመርንና 5ቱም ሲዲዎች በአሮጌው ማጫወቻ ላይ ጥርት ብለው ተሰሙ። ትናንት ለየትምህርት ቤቱ ተልከዋል።

አንዷን የተረፈች ሲዲ ለዕቃ ቤት መልሰን አስፈርመናል። ኃላፊውም የ2ቱን ሂሳብ ሰርዘውልናል፤ የ4ቱ ግን እስከዛሬ በስማችን አለ።