ኢየሩሳሌምን በማኅበር ስለ መሳለም

ከወልቂጤና ከቡታጅራ ተነሥታችሁ ኢየሩሳሌምን በማኅበር ለመሳለም የምታስቡ ሁሉ፥ በዚያ የሚጠብቃችሁን አስቀድማችሁ ብታውቁ መልካም ነው።

አባቶቻችን የኑብያንና የግብፅን በረሃ አቋርጠው በብዙ ወራት ይደርሱበት የነበረውን መንገድ፥ ዛሬ አውሮፕላን በጥቂት ሰዓት ይፈጽመዋል። ተሳላሚው ግን ዴር ሡልጣን ሲደርስ የሚያየው የወርቅ ጕልላት አይደለም፤ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን፥ ከቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣራ ላይ የተሠሩ የመነኮሳት ጎጆዎች ናቸው። የትንሣኤው ጸሎት እንኳ በዚያው ጣራ በድንኳን ይደረሳል። ይህን አይቶ የሚያፍር ሰው አለ፤ ማፈሩ ግን ካለማወቅ የመጣ ነው። በ1830 ዓ.ም. ገደማ በተነሣው ቸነፈር ከመነኮሳቱ አብዛኞቹ አልቀው፥ ርስቱ ከእጃችን ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እነዚያ ጎጆዎች ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው፥ ተተኪዎቹ መነኮሳት በችግር ስለ ጸኑ ነው።

ስንቅን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቹን አስርቦ፥ በሬውን ሸጦ የሚሄድ ሰው ስእለቱን ለካህን ያማክር። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባ ከማቅረብ አስቀድሞ ከወንድም መታረቅን አዟል፤ እንግዲህ የዕቁብ ዕዳ ያለበት ከመነሣቱ በፊት ይክፈል፥ ከጎረቤቱም የተጣላ ይታረቅ።

አቅም ላጣ ሰው ደግሞ መንገድ አልተዘጋም። በላሊበላ ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ፥ ጎልጎታ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዚያም ይልቅ ቅርብ የሆነው በሶዶ ምድር ያለው የምድረ ከብድ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው፤ መጋቢት 5 ቀን ሲነግሥ የቡታጅራ ሰው አውሮፕላን ሳይሻ ይደርስበታል።